አያት ምን በደለ?

እኔ የምለው፣ እነዚህ በጊዜ ወደ ኋላ የሚጓዙ ሰዎች ከአያት ጋር ምን አላቸው? ያለፈው ዘመን ሁሉ በሩ ተከፍቶላቸው፣ ማንን ልይ፣ ምን ልማር እንደማለት ሽጉጥ ይዘው አያታቸውን ፍለጋ ይሮጣሉ። ይህንንም ነውር "የአያት ፓራዶክስ" ብለው ማዕረግ ሰጥተውታል። አያቱን ከገደለ አባቱ አይወለድም፤ አባቱ ካልተወለደ እሱም የለም፤ እሱ ከሌለ ታዲያ ማን ገደለ? ገዳዩ ቢለይም ባይለይም፣ ሟቹ ሁሌም አያት ነው።

ፈረንሳዊው ረኔ ባርዣቬል እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ባሳተመው ልብ ወለድ፣ ተጓዡ ናፖሊዮንን ልግደል ብሎ ተኩሶ ከገዛ ቀደምት አያቶቹ አንዱን መታ። ማነጣጠር ሳያውቅ ታሪክ ሊለውጥ!

ከግድያው የባሰው ግን ዘር ማበላሸታቸው ነው። በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እስቲ ደራሲው ሮበርት ሄይንላይን በ1959 በታተመ ታሪኩ የፈጠረውን ሰው ቁጠሩልኝ፤ ለራሱ እናትም አባትም እሱው ነው! ገና ሁለተኛው ቤት ስትደርሱ ራሱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። "ዳርክ" በተባለው የጀርመን ተከታታይ ፊልም ደግሞ እናትና ልጅ እያንዳንዳቸው ሌላዋን ወልደዋል። በዓል ሲመጣ ማን የማንን ጉልበት ይስማል?

በ1984ቱ "ተርሚኔተር" ጆን ኮነር እናቱን እንዲጠብቅ አንድ ወታደር ከወደፊቱ ዘመን ይልካል፤ ወታደሩም አባቱ ሆኖ ያርፈዋል። ለጋብቻ ሽማግሌ ይላካል እንጂ ልጅ አባቱን ይልካል? በ1985ቱ "ባክ ቱ ዘ ፊውቸር" ደግሞ ጎረምሳው የወላጆቹን ትውውቅ ያበላሽና እናቱ እሱኑ ትወዳለች። እሱ አጥብቆ የሚደነግጠው ወንድምና እህቱ ከፎቶው ላይ መጥፋት ሲጀምሩ ነው፤ እኔ ግን እናቲቱ ላይ ስደርስ ደንግጬ ጨርሻለሁ።

ለእኛ ለአያቶች የተከራከረልን ሩሲያዊው የፊዚክስ ሊቅ ኢጎር ኖቪኮቭ ነው። በእሱ ሐሳብ፣ ወደ ኋላ ቢኬድ እንኳ ያለፈው አይለወጥም፤ ወይ ጥይቱ ይከሽፋል፣ ወይ ይስታል። ምርቃቴ ይድረሰው።

ስቴፈን ሆኪንግማ በ2009 ካምብሪጅ ውስጥ ለጊዜ ተጓዦች ሻምፓኝ አቅርቦ ደገሰ፤ የጥሪ ወረቀቱን ያወጣው ድግሱ ካለፈ በኋላ ነው። አንድም እንግዳ ስላልመጣ ጉዞው እንደማይቻል ማስረጃ ነው አለ። እኔ ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ አያት መግደል ሥራ አብዝቶባቸው ነው።

ከእነዚህ የጊዜ ተጓዥ ታሪኮች ጋር ትንሽ ያስታረቀኝ የ1993ቱ ፊልም "ግራውንድሆግ ዴይ" ነው። አንድ የአየር ጠባይ አቅራቢ በአንዲት የፔንስልቬንያ ከተማ፣ ያችው ፌብሩዋሪ 2 እየተደጋገመችበት ቀኗ ላይ ተቆልፎ ይቀራል። ስርቆቱንም ሞቱንም ሞክሮ አልሆን ሲለው ፒያኖ ተማረ፣ ሰው መርዳት ያዘ፤ ቀኗም ለቀቀችው። በዚህ መሃል ጎዳና ላይ የወደቀ የኔ ቢጤ ሽማግሌን ከሞት ለማትረፍ ደጋግሞ ጥሯል። ባይሳካለትም፣ የተደጋገመለትን ጊዜ ለሽማግሌ ሲያውል ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

እናንተ ደራሲዎች፣ እባካችሁ አያቱን ሊጠይቅ ወደ ኋላ የሄደ አንድ ጎረምሳ ጻፉልን። እናንተም የልጅ ልጆች፣ አያታችሁ በሕይወት ካሉ የጊዜ ማሽን አያሻችሁም፤ ታክሲ ይበቃል። ሽጉጥ ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ።