«ወጥቶልሽ የለም እንዴ?»

«ወጥቶልሽ የለም እንዴ? ታዲያ አሁን ደግሞ ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ይህን ጥያቄ ስንት ሰው እንደጠየቀኝ ቆጥሬ አልጨርሰውም። እናቴ፣ ጎረቤቱ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው፣ አንዳንዴም ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም።

የሐሞት ከረጢቴ ከወጣ ስምንት ወር ሆነው። ጠጠሮቹን በትንሽ ፕላስቲክ ብልቃጥ አድርገው ለቤተሰብ ሰጥተው ነበር፤ እናቴ ቡፌው ላይ አስቀምጣቸዋለች። ሰባት ናቸው፣ ቡናማ፣ የሽንብራ ፍሬ የሚያህሉ። ሊጠይቀኝ የሚመጣው ሁሉ ብልቃጡን አንሥቶ ኳ ኳ ያደርግና «ይኸው ወጣ፣ ተመስገን በይ» ይለኛል። ተመስገን ነው። ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ያው የድሮው ሕመም ቀኝ ጎድኔ ሥር ይነሣል፤ ወደ ጀርባዬ ይዞራል፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ያነጋኛል።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሕመም ችዬዋለሁ። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሆድ ለመንፋት የሚያስገቡት ጋዝ ትከሻ ድረስ እንደሚያም አንዲት ነርስ ነግራኝ ስለነበር አልደነገጥኩም፤ በሦስተኛው ቀን ለቀቀኝ። የቸገረኝ ይህ የከረመው ነው። ስለ እሱ ማንም ምንም አላለኝም። «ቀላል ናት፣ በማግሥቱ ቤትሽ ትገቢያለሽ» ተባልኩ፣ ገባሁ፣ በቃ። ካርል ላንገንቡኽ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የሐሞት ከረጢትን ለመጀመሪያ ጊዜ በርሊን ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ይህ ሁሉ ዘመን አልፎ፣ የሚቀረው ሕመም «ፖስት ኮሌሲስቴክቶሚ ሲንድሮም» ተብሎ ስም እንኳ ወጥቶለት፣ ለታማሚው አምስት ደቂቃ ተቀምጦ መንገር ለምን እንደሚከብድ አይገባኝም።

ሐሞት የሚሠራው ጉበት ነው፤ ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ነበር። እሱ ሲወጣ ሐሞቱ ቀን ከሌት ወደ አንጀት ይወርዳል፤ አንዳንዶቻችንን ገና ከገበታ ሳንነሣ ወደ መጸዳጃ የሚያስሮጠን እሱ ነው። ሕመሙ ግን፣ ጠጠር የሐሞት ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የቱቦውን አፍ የሚከፍትና የሚዘጋው ጡንቻ እየተኮማተረ ሊሆን ይችላል። ወይም ከመነሻውም የሚያመው ጨጓራ ሆኖ፣ ጠጠሩ በአልትራሳውንድ ስለታየ ብቻ ጥፋቱ ሁሉ በእሱ ተላክኮ ይሆናል። እያንዳንዱ የራሱ ምርመራ አለው። ለእኛ የሚጻፍልን ግን የጨጓራ መድኃኒቱ ኦሜፕራዞል ነው። ሲያልቅ፣ ሌላ ኦሜፕራዞል።

ባለፈው ወረፋ ስጠብቅ አግዳሚው ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ከወጣላት ሁለት ዓመት አልፏታል። «ባለቤቴ ሥራ ጠልታ ነው ይላል» አለችኝ፣ እጇን ከቀኝ ጎኗ ሳታነሣ። ምን እንደምላት ጠፋኝ። ለእኔም ሰዉ «ሐሞትሽ ፈሰሰ፣ ምነው በርቺ እንጂ» ይለኛል። ድፍረት አላጣሁም። አሞኝ ነው።

የግብዣውስ ነገር! ለፋሲካ አክስቴ በቅቤ ያበደውን ዶሮ ወጥ ጠቅልላ «አንዲት ጉርሻ ምን ታደርግሻለች? በሞቴ!» አለችኝ። በሞቴ የተባለ ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? ጎረስኩ። እሷ በሰላም ተኛች፣ እኔ ግን ስንቆራጠጥ አደርኩ። በጾሙም ጊዜ ቢሆን «ዘይት ብቻ ነው» እያሉ የሚንሳፈፍበትን ሽሮ ያቀርቡልኛል። ዘይትም ያው ስብ ነው እኮ።

ሐኪሞቻችን፣ እባካችሁ ከመቅደዳችሁ በፊት ንገሩን፤ ተመልሰን ስንመጣም ከጨጓራ አልፋችሁ ፈልጉ። ቤተሰቦቻችን፣ ብልቃጡን አታሳዩን። እንደ እኔ የሚያማችሁ ደግሞ፣ «ወጥቷል» ስለተባለ ብቻ ቤት አትቀመጡ። ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታችሁ ከጠቆረ፣ ከሕመሙ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ የዚያኑ ዕለት ሂዱ።