በርኖስ የለበሰች ኢሜይል

«ስብሰባው ወደ ሐሙስ ተዛውሯል።» ነገሩ ይኸው ነው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ሦስት ባይት ይወስዳልና፣ ክፍተቱም አራት ነጥቡም ተቆጥሮ 51 ባይት። ይህችው መልእክት ከአንድ ቢሮ ተነሥታ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ስትደርስ ግን አርማ፣ ባለ ቀለም ጠርዝ፣ የኃላፊው ቲተር፣ ከግርጌም «ዛፍ ለማዳን ይህን አያትሙ» የሚል አረንጓዴ ቅጠል ተደርቦባታል። የአርማውና የቅጠሉ ምስል ለኢሜይል ጉዞ ወደ ፊደል ሲመነዘር በሲሶ ያብጣል። በዚያ ላይ ያው ቃል ያለ ጌጥ ተገልብጦ አብሮ ይላካል፤ ጌጡ ያልታየው እንዳይቀርበት!

የመንዝ ሰው በርኖስ የሚደርበው የጓሳ ብርድ አስገድዶት ነው። ኢሜይሏን ምን በረዳት?

ለነገሩ ጌጠኞቹም ድሮ ሰበብ ነበራቸው። ፊደላችን ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ተቀባዩ ጋ ያው ፎንት ከሌለ «ጤና ይስጥልኝ» የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ይደርስ ነበር። ስለዚህ ደብዳቤውን በምስል መላክ ብልህነት ነበር። ዛሬም በምስል ይልካሉ፤ ለግርማ ሞገሱ። ዓለም ከተማ ያለው ባለጉዳይ ስልኩን ከፍ አድርጎ ኔትወርክ ይለምናል። መጀመሪያ አርማው ይመጣል፣ ቀጥሎ ቅጠሉ። ቀኑ ያለበት ምስል ሲከፈት ዓርብ ነው።