ወፍ ኑግ የሚበላበት ሀገር

ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ
መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤ እንጅባራ።

ልጅሽ ይህ ደብዳቤ ቡና ላይ ጮክ ተብሎ እንደሚነበብ ስለሚያውቅ፣ በጎረቤት ፊት «እኔ፣ እኔ» ማለት ነውር መስሎት ስለ ራሱ እንደ ሌላ ሰው አድርጎ ይጽፋል።

እናንተ ዘንድ አዲስ ዓመት ገብቷል፤ ይኼኔ አደይ አበባው የቀርከሃውን አጥር ዙሪያ ወርሶታል፣ እሸቱም ደርሷል። እዚህ የሚገባው ነገር ብርድ ነው። ዛሬ ቀንና ሌሊት እኩል ይሆናሉ፤ ከዛሬ ወዲያ ፀሐይ በየቀኑ ትሰስታለች። መስከረም ሲያልቅ ግድም ውርጭ ይወርድና ጓሮውን በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል። ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ ጥድፊያ ላይ ነው፤ ያልቀላ ቲማቲም ሳይቀር ተለቅሞ መስኮት ላይ ተደርድሯል።

አደይ አበባ እዚህ አለ ወይ ብለሽ ጠይቀሽ ነበር። አበባ መሸጫው ደጃፍ ቢጫ ነገር በቅርጫት ተንጠልጥሎ ያየ ጊዜ ልጅሽ እልል ሊል ምንም አልቀረው። ቀርቦ ሲጠይቅ ትውልዷ ሜክሲኮ ነው አሉት። ከአደይ ጋር አንድ ወገን ናት፤ ባይደንስ ይባላሉ። የአደይ የአጎት ልጅ ማለት ነው፤ አስተቃቀፏ ግን እንደ ባዳ ነው።

የኛው የሀገር ልጅ ሌላ ናት። የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ ብለው ይሸጧታል። ነጭ ናት፣ ጉሮሮዋ ወይን ጠጅ፣ ሽታዋ የሚያውድ፤ በኛና በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች የምትበቅል ናት። ልክ በዚህ ሰሞን፣ ሌላው አበባ ሲደክም፣ እሷ ታብባለች። ውርጭ ስለማትችል ባለቤቶቿ በመከር ሥሯን ቆፍረው ያወጡና በካርቶን አድርገው ምድር ቤት ያከርሟታል። ልጅሽ በረዶ ላይ ቆሞ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ የሀገሩ ልጅ ሙቀት ውስጥ ተጋድማ ትከርማለች።

ቀጥሎ ያለውን የዳንግላው አጎት ቡና ላይ ካለ አንባቢው ይዝለለው። እዚህ ኑግ የወፍ ቀለብ ነው! ከኢትዮጵያና ከሕንድ በመርከብ ይመጣል፣ ቀዳዳው ጠባብ በሆነ ቱቦ ይጨመራል፣ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ጎልድፊንች የምትባል ቢጫ ወፍ ቁጢጥ ብላ አንድ አንዱን እየመዘዘች ትፈለፍላለች። አንቺ ለፍልሰታ ቆልተሽ የምትወቅጪውን እሷ ጾም የለ ፍስክ የለ ጠዋት ማታ ትበላዋለች። የሚገርመው ደግሞ፣ የዳንግላ ማሳ በኑግ አበባ ቢጫ በሚለብስበት ሰሞን እሷ ቢጫ ላባዋን እየጣለች ቡኒ ትለብሳለች። ልጅሽ ከዚያ ዘር ጥቂት ዘግኖ ጓሮው ውስጥ ትንሽ ዳንግላ ሊያበቅል አስቦ ነበር። ኑጉ ግን የአረም ዘር ይዞ እንዳይገባ ተብሎ በሙቀት የተመታ ነውና አይበቅልም። ወፏ ትበላለች እንጂ ባለሀገሩ አይዘራም።

አሁን ወደ ጠየቅሽው ፖም። በዚህ ወር ቤተሰብ በሙሉ በመኪና ተጭኖ ወደ ፖም እርሻ ይሄዳል። ደቦ የጠራ ሰው ጠላ ጠምቆ እንጀራ ጋግሮ ያበላል አይደል? እዚህ ደቦኛው ነው ከፋዩ። ከረጢት ይገዛል፣ ሲለቅም ይውላል፣ ሲጠማው የፖም ጭማቂውንም በገንዘቡ ይጠጣል፤ ከዚያ ፎቶ ተነሥቶ አመስግኖ ይሄዳል። የባንጃ ገበሬዎች ይህን ዘዴ ሰምተው ድንች በሚቆፈርበት ወቅት የከተማ ሰው ቢጋብዙ ልጅሽ አይፈርድባቸውም።

የሚለቀመው ሃኒክሪስፕ የሚባለው ነው፤ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበሬ ያወጣው። እ.ኤ.አ. በ2006 በሕግ የክፍለ ሀገሩ ፍሬ ተብሏል፤ ፍሬ በአዋጅ የሚሾምበት ሀገር ነው። ሲነክሱት ድምፁ ከማዶ ይሰማል። «ከዚያ ቅርንጫፍ ቆርጠህ ላክልኝ» ያልሽው ግን አይሆንም። ጉምሩኩ አንድ ነገር ነው። ትልቁ ችግር ፖሙ ራሱ ብርድ የለመደ መሆኑ ነው፤ ክረምቱን ከ7 ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ 800 ሰዓት ግድም ካልተኛ በቅጡ አያብብም። የእንጅባራ ብርድ አጥንት ይሰብራል፣ ልጅሽም ይመሰክራል፤ ግን ሌሊት መጥቶ ረፋድ ላይ የሚሄድ እንግዳ ነው። ግቢሽ ያለው የፖም ዛፍ ቅጠል እንጂ ፍሬ የማያሳይሽ ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

ችግኝ ስትገዢ «አና» የሚባለውን ጠይቂ። እስራኤል ውስጥ ለሞቃት ሀገር የተዳቀለ ስለሆነ 300 ሰዓት ቅዝቃዜ እንኳ ይበቃዋል። ብቻውን ግን ደኅና አያፈራምና፣ ባሐማስ የተገኘውን «ዶርሴት ጎልደን» አጠገቡ ትከይ፤ አበባቸው አብሮ ስለሚፈካ ንቧ ታዋልዳቸዋለች። ብሩን ልጅሽ በዚህ ሳምንት ይልካል። የሁለት ችግኝ ነው፤ በግ እንዳትገዢበት።

ናፋቂ ልጅሽ