ዲስኩ ሞልቷል፤ ግዢ ክፍል ይጠራ

ሊኑክስ አንድ ክፉ ልማድ አለው። ሲጨንቀው «መሣሪያው ላይ ቦታ የለም» ይልና ዝም ነው። የስህተት ቁጥሩ 28 ነው። የምን ቦታ? የቱ ጋ? አይናገርም። ደግነቱ እኛ ቤት እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ቦታ የለም ከተባለ ዲስክ ሞልቷል፤ ዲስክ ከሞላ ይገዛል፤ ለግዢ ደግሞ 3 ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ከዚህ ወዲያ ምርመራ ያሻል የሚል ሰው ሥራ የፈታ ነው።

የምሠራበት ድርጅት፣ ስሙ ይቆየንና፣ አንድ ቀን ድረ ገጹ ደንበኛ አላስገባ አለ። ሰዉ የይለፍ ቃሉን ይጽፋል፣ ገጹ መልሶ እዚያው መግቢያው ላይ ይጥለዋል። ሎጉ ሲታይ ያቺው «ቦታ የለም» ተደርድራለች። ኃላፊያችን ስብሰባ ጠሩ፣ ሻይ መጣ። ጥግ ይዛ ላፕቶፗን ስትነካካ የቆየች ተለማማጅ፣ «ጋሼ፣ ዲስኩ እኮ ገና 41 በመቶው ነው የተያዘው» አለች። እሳቸውም በአባትነት ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ሰርቨሩ ራሱ ሞልቻለሁ እያለ አንቺ አልሞላህም ትይዋለሽ?» አሏት። ክርክሩ ተዘጋ።

ልጅቷ ግን አርፋ አትቀመጥም። «ዲኤፍ» የሚባለውን ትእዛዝ በ«ኤች» ፈንታ በ«አይ» ጠራችው፤ 100 በመቶ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። ኤክስት 4 ዲስኩን ገና ሲያሰናዳው፣ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር፣ ለየ16 ኪሎባይቱ አንድ አይኖድ፣ ማለትም አንድ ፋይል የሚመዘገብበት ቦታ፣ መድቦ ያስቀምጣል። በእኛ 20 ጊጋባይት ላይ 1,310,720 መሆኑ ነው። ፋይሉ ባዶም ይሁን ግዙፍ አንድ አይኖድ ይወስዳል። ጎተራው ከግማሽ በላይ ባዶ ሆኖ የጎተራ ጠባቂው መዝገብ ገጹ ካለቀ፣ አንዲት ቁና ጤፍ አትገባም።

መዝገቡን የጨረሰው ፒኤችፒ ለየጎብኚው የሚከፍተው ትንሽ ፋይል፣ ሴሽን የሚባለው፣ ነበር። ዴቢያን ላይ ፒኤችፒ አሮጌ ሴሽኖችን በራሱ አይጠርግም፤ ጠረጋው በየግማሽ ሰዓቱ ለሚነሣ ሌላ ፕሮግራም ተሰጥቷል። እኛ ደግሞ «ለደኅንነት» ብለን ሴሽኖቹን ወደ ራሳችን ፎልደር አዛወርናቸው። ለጠራጊው አዲሱን አድራሻ የነገረው የለም። ደጃችንን የረገጠ ሮቦት ሁሉ አንዳንድ ፋይል እየጣለ ሄደ። ፎልደሩን በ«ኤልኤስ» ልይ ያለ ሰው ቡናውን ጠጥቶ ይመለሳል፤ በ«አርኤም» ኮከብ ልጥረግ ያለ ደግሞ ዝርዝሩ በዛብኝ ተብሎ ይባረራል።

ይህ ሁሉ ለቃለ ጉባኤ አይመችም። ስለዚህ መጀመሪያ የተፈረደበት ሎጉ ሆነ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። የአፓቼ 1 ጊጋባይት ሎግ ተሰረዘ። ቦታው ግን ንቅንቅ አላለም። አፓቼ ፋይሉን ከፍቶ እንደያዘ ነውና ስሙ ከፎልደሩ ቢፋቅም ሥጋው ዲስኩ ላይ አለ። «ዲስኩም ተበላሽቷል» ተባለ። ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሣ 1 ጊጋባይቱ ተመለሰ። እሰየው፣ ሪስታርት ፈዋሽ መሆኑ በተግባር ተረጋገጠ! ድረ ገጹ አሁንም ሰው አያስገባም፤ የተለቀቀው አንድ አይኖድ ነውና አንድ ደንበኛ ገብቶ ይሆናል። የሳምንቱ ማስረጃ ከሎጉ ጋር ስለተቀበረ ከመመርመር ጣጣም ተገላገልን።

«ቦታ የለም ከተባለ ዲስክ ይገዛ» የሚለው ጥበባችን ሌላም በሽታ ላይ ይሠራል። አፓቼ ሴማፎር አልቆበት አልነሣ ሲል ያንኑ «ቦታ የለም» ይላል። የፋይል ለውጥ የሚከታተል ፕሮግራም የተፈቀደለት የክትትል ብዛት ሲሞላበትም እንደዚያው። ሁለቱም ላይ ዲስኩ እጁ የለበትም፤ እንዲያም ሆኖ ግዙ ከተባለ መግዛት ነው።

ግዢው በ3 ፕሮፎርማ ተፈጸመ፤ ሰርቨሩ የኪራይ ስለሆነ ዲስኩን ሊያሰፋ የሚችለው አከራዩ ብቻ ቢሆንም መመሪያ መመሪያ ነው። 20ው 80 ጊጋባይት ሆነ። እዚህ ላይ ኮሚቴውን አለማድነቅ ንፉግነት ነው፤ ድረ ገጹ ሠራ! ኤክስት 4 ሲሰፋ አይኖዱም በዚያው ልክ ይጨምራላ። ኃላፊያችን በአመራር ብቃታቸው ተመሰገኑ። ልጅቷ ሴሽኑን የሚጠርግ አንድ መስመር ጽፋ ብታመጣም፣ «ችግሩ ተፈቷል» ተብላ ተመለሰች፤ የግምገማ ቅጿ ላይ «ትዕግሥት ይጎድላታል» ተጻፈ።

ይኸው 5 ወር ሆነ። ዛሬ ጠዋት ሳየው ከ80 ጊጋባይቱ የተያዘው 31 በመቶ ነው፤ ከአይኖዱ 97 በመቶ። ፕሮፎርማ መሰብሰብ ተጀምሯል።