ነጥቧ የት ትቀመጥ?

የእኛ ሰው ስለ ፖለቲካ፣ ስለ መሬት ዋጋና ስለ ጠመንጃ ሲጠየቅ «አላውቅም» ብሎ አያውቅም። ሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ለአዲሱ ኤአር-15 ጠመንጃው «ሬድ ዶት» የተባለች ባለ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ገዝቶ፣ ቡና ላይ «የት ላይ ልሰራት?» ብሎ የጠየቀ ዕለት፣ ሦስተኛው ቡና ወርዶም ነገሩ እንደማያልቅ ገብቶኛል።

ቴሌስኮፕ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ባጠረ። ቴሌስኮፕ የዓይንህን ቦታ ራሱ ይወስንልሃል፤ ስትርቀው ምስሉ ይጠፋል፣ ስትጠጋው ሲተኮስ ወደ ኋላ መጥቶ ቅንድብህን ይበጣዋል። ሬድ ዶት ግን ሕግ የላትም። ውስጧ ያለች ትንሽ አምፖል ጎበጥ ያለ መስተዋት ላይ ታበራለች፤ መስተዋቱ ቀዩን ብርሃን ወደ ዓይን መልሶ የቀረውን ያሳልፋል። ዓይንህ ስንዝር ቢቀርባት ክንድ ቢርቃት ነጥቧ ያው ነጥብ ናት። ኤምፖይንት የተባለው የስዊድን ኩባንያ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1975 ይህችን ዕቃ ገበያ ሲያወጣ ለተኳሹ እፎይታ፣ ለተከራካሪው ደግሞ እንጀራ ሰጠው።

ነገሩን ያባባሰው ዕቃዋ የምትታሰርበት ሬል ነው። በኒው ጀርሲው ፒካቲኒ የጦር መሣሪያ ማዕከል ስም የተሰየመውና የአሜሪካ ጦር በ1995 እንደ ደረጃ ያጸደቀው ይህ ጥርሳም ሐዲድ፣ ከጠመንጃው ጀርባ ተነሥቶ ወደ አፈሙዙ ይነጉዳል። ከጥርስ እስከ ጥርስ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እያንዳንዱ ጥርስ ላይ አንድ አስተያየት ተቀምጧል።

መጀመሪያ የተናገሩት ሻምበል ናቸው። ሻምበል በቀድሞው ጦር ያገለገሉ፣ ዛሬ የልጅ ልጅ የሚጠብቁ፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ደጋግመው ሳያዩ ቡናቸውን የማይነኩ ሰው ናቸው።

«ወደ ፊት!» አሉ። «ጫፍ ላይ እሰራት። ዓይንህ አካባቢውን ይይ።»

ምክንያታቸው ባዶ አይደለም። ጄፍ ኩፐር የተባለው አሜሪካዊ የተኩስ መምህር በ1980ዎቹ ቀላል ጠመንጃ ሲነድፍ ቴሌስኮፑን ከተለመደው ቦታ ነቅሎ ወደ ፊት ገፍቶታል፤ ተኳሹ ሁለቱንም ዓይኑን ገልጦ ዙሪያውን እንዲያይ። ሬድ ዶትም ራቅ ስትል ጠርዟ ይቀጥናል፣ ከኢላማው ውጭ ያለውም ዓለም አይሸፈንም።

እዚህ ላይ የአጎቴ ልጅ ልጅ ከስልኩ ቀና አለ። ልጁ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፤ በሕይወቱ አንድ ጥይት አልተኮሰም፣ በጨዋታ ላይ ግን ያልታጠቀው መሣሪያ የለም። «ጋሼ፣ ሃንድጋርዱ ላይ አይታሰርም» አላቸው በተሰባበረ አማርኛ። ሻምበል ቲማቲም ሲቆርጥ ያላዩት ልጅ ስለ መሣሪያ ሲናገር ሲሰሙ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ልገልጸው አልችልም።

ልጁ ግን ትክክል ነበር። ሃንድጋርድ፣ ማለትም ግራ እጅ የሚይዘው የፊተኛው ክፍል፣ ለብቻው ተሠርቶ የተገጠመ ነው። አሸዋ ከረጢት ላይ ስታስደግፈው ወይም ማንገቻውን ስትወጥረው በጥቂቱም ቢሆን ይለመጣል፣ ብዙ ሲተኮስም ይግላል። ነጥቧ እሱ ላይ ከተቀመጠች አብራው ትሄዳለች፤ በርሜሉ ደግሞ በቦታው ይቀራል። ዕቃዋን ግማሹን ዋናው አካል ላይ፣ ግማሹን ፊተኛው ክፍል ላይ አንፈራጥጦ ማሰር ከሁሉም የባሰ ነው። በዚያ ላይ ክብደቷ ወደ አፈሙዝ በሄደ ቁጥር ክንድ ይማረራል።

«ታዲያ ክላሽስ?» አሉ ሻምበል፣ ጦርነቱን ወደሚያውቁት ሜዳ ሊስቡ። ክላሽ የባሰ ነው። የላይኛው ክዳኑ ለጽዳት የሚነሣ፣ ሲገጠምም የሚወዛወዝ ቆርቆሮ ስለሆነ፣ እሱ ላይ የታሰረ ማነጣጠሪያ በየጽዳቱ አቋሙን ይለውጣል። ለዚህ ነው በአንዳንዶቹ በግራ ጎን የተገጠመ ማያያዣ የሚታየው። ሻምበል ይህን ከልጁ ቀድመው ተናገሩት፤ ክብራቸው በመጠኑ ተመለሰ።

ከዚያ ዕቃዋን ገና ሳትታሰር በእጃቸው ይዘው በመስኮት ወደ ግቢው ዛፍ አዩባት።

«ይሄ ነጥብ ነው የፈሰሰ ድልህ?»

የአጎቴ ልጅ ሮጦ ካልኩሌተሩን አመጣ፤ ባለ 2 ኤምኦኤ (የማዕዘን መለኪያ) ነጥብ በ100 ሜትር ላይ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ እንደምትሸፍን ሊያስረዳ። ልጁ ግን ብልህ ነው፤ ስልኩን በመስተዋቱ አንጻር ደቅኖ ፎቶ አነሣና አሳያቸው። ነጥቧ ድቡልቡል ብላ ቁጭ ብላለች። አስቲግማቲዝም ያለበት ዓይን ነጥቧን ሻምበል እንዳዩት ይበትናታል፤ ብርሃኗን ዝቅ ማድረግ ይረዳል።

ሻምበል ፎቶውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ስልኩ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሁለት።»

«በል በእኔ ዕድሜ ያሳይህ» ብለው መለሱለት።

ውሳኔው ከዚያ በኋላ አልዘገየም፦ ከቃታው በላይ ባለው ዋና አካል ላይ፣ ወደ ፊተኛው ጫፉ ተጠግታ፣ መጋጠሚያውን ግን ሳትሻገር። ከኋላዋ ለታጣፊው የብረት ማነጣጠሪያና ምናልባት ለማጉያ መነጽር ቦታ ይተርፋል። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያውኑ ይህንኑ እል ነበር፤ ግን ቡና የሚያፈላ ሰው አይጠየቅም።

ብሎኖቹ ከመጥበቃቸው በፊት ልጁ «ከፍታዋስ?» አለ። ኤአር-15 ሰደፉ ከበርሜሉ ጋር አንድ መስመር ላይ ስለሆነ ማነጣጠሪያው ከበርሜሉ መሐል በ6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ጥይቱ ከነጥቧ ዝቅ ብሎ ያርፋል። ዛሬ ዛሬ ደግሞ አንገትን ሳያጎብጡ የሚያዩባቸው ከዚያም የረዘሙ ማያያዣዎች መጥተዋል፤ የአጎቴ ልጅም የልቡ ያ ነበር።

«አንገት ቀና ብሎ ነው የሚተኮስበት» አላቸው በኩራት።

«እኛ ጋ» አሉ ሻምበል ሲኒያቸውን እያስቀመጡ፣ «አንገቱን ቀና ያደረገ ወታደር የወሩን ደመወዝ አይፈርምም ነበር።»

የአጎቴ ልጅ ረጅሙን አዘዘ።