ሳይጠሩት አቤት ባዩ ቪዲዮ

የኢንተርኔት ማስታወቂያ ነጋዴዎች ለዓይነ ስውራን የዋሉትን ውለታ እስካሁን ያመሰገነ የለም። ዘርፉ በሚመራበት በአሜሪካው የሚዲያ ሬቲንግ ካውንስል መለኪያ፣ አንድ የቪዲዮ ማስታወቂያ ለመታየት በቃ የሚባለው ከምስሉ 50 በመቶው ስክሪኑ ላይ ሆኖ ሳይቋረጥ ለ2 ሰከንድ ሲጫወት ነው። ከስክሪኑ ፊት የተቀመጠው ሰው ያይ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። በመሆኑም ኮምፒውተሩን በጆሮው የሚያነብ፣ ይባስ ብሎም የጎን ሰው ጉዳዩን እንዳያይበት ስክሪኑን ድርግም አድርጎ ያጠቆረ ዓይነ ስውር፣ የሻምፖ ማስታወቂያ አፍጥጠው ካዩት ጋር እኩል ይቆጠራል። በ2 ሰከንድ ብርሃን መስጠት ቀላል ነገር አይደለም፤ ጠበል እንኳ ሁለት ሱባዔ ይጠይቃል።

ውለታው በምን መንገድ እንደሚደርስ ዓይናማው አንባቢ ይረዳ ዘንድ ነገሩን ትንሽ ማፍታታት ሳያስፈልግ አይቀርም። ዓይነ ስውር ተጠቃሚ ኮምፒውተርም ሆነ ስልክ የሚሠራው ስክሪን ሪደር በሚባል ፕሮግራም ነው። ከታወቁት አንዱን፣ ጆስን፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ቴድ ሄንተር ዓይኑን በመኪና አደጋ ያጣ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ነበር፤ በነፃ የሚታደለውን ኤንቪዲኤን በ2006 የጀመረው አውስትራሊያዊው ማይክል ከራንም ዓይነ ስውር ነው። ፕሮግራሙ ገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ ሊንክና ቁልፍ በድምፅ ይናገራል። ተጠቃሚው «ኤች»ን ሲጫን ወደሚቀጥለው ርዕስ፣ «ቢ»ን ሲጫን ወደሚቀጥለው ቁልፍ ይዘላል። የለመደው ሰው ደግሞ ዓይናማው «ይሄ የምን ቋንቋ ነው?» በሚልበት ፍጥነት እያስነበበ ያዳምጣል። ማውስ የለም፣ ቀስት የለም፣ ጥግ ላይ ያለች ኤክስ የለችም። ያለው ጆሮ ነው። የስክሪን ሪደሩ ድምፅ የሚወጣው ደግሞ ቪዲዮው ከሚጮህበት ከዚያው ስፒከር ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው የሥራ ማስታወቂያ ማብቂያ ቀን ለማወቅ ገጽ ከፈተ እንበል። «ርዕስ፣ ደረጃ አንድ፣ ክፍት የሥራ ቦታ። የምዝገባው ጊዜ እስከ…» ይላል ስክሪን ሪደሩ። «ሕይወትዎን የሚቀይር ዕድል!» ይላል ከታች በኩል የተነሳው ቪዲዮ። «…ድረስ ሲሆን አመልካቾች…» «አሁኑኑ ይደውሉ!» ቀኑ ሳይሰማ አለፈ። ሰውየው ኮንትሮልን ይጫናል፤ ይህች ቁልፍ በስክሪን ሪደር ዓለም «ዝም በል» ማለት ነች። ታዛዡ ስክሪን ሪደር ወዲያው ጸጥ ይላል፤ ቪዲዮው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ይቀጥላል። የኮምፒውተሩን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ያጠፋል፤ አሁን ቪዲዮው ዝም አለ፣ ስክሪን ሪደሩም አብሮ ዝም አለ፣ ገጹ ከነሥራ ማስታወቂያው ተሰወረ። ድምፁን መልሶ «ቢ»ን ይጫናል። «ቁልፍ።» ደግሞ ይጫናል። «ቁልፍ።» «ቁልፍ።» «ቁልፍ።» አራት ስም የለሽ ቁልፎች ናቸው። ዓይናማው በላያቸው ላይ ሁለት ቋሚ መስመር፣ የስፒከር ምልክትና ቀስት ያያል፤ ገጹን የሠራው ባለሙያ ግን ምልክቱ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ማስፈር አልታየውም። ሰውየው አንዱን በዕድሉ ይጫነዋል። የሚቀጥለው ቪዲዮ ይጀምራል።

ደብዳቤውን በልጁ አፍ የሚያስነብብ አባት ደጅ ላይ የሎተሪ መኪና ከነድምፅ ማጉያው ቢቆም ሰፈር ይቆጣል። ኢንተርኔት ላይ ይኸው ነገር «ኢንጌጅመንት» ይባላል፤ ወር ሲያልቅም ወደ ላይ የሚወጣ ግራፍ ተሠርቶለት በስብሰባ ይጨበጨብለታል።

ደንብ የለም እንዳይባል፣ አለ። የድርን ሥርዓት የሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ በዲሴምበር 2008 ባጸደቀው የተደራሽነት መመሪያ፣ ቁጥር 1.4.2 ላይ፣ ከ3 ሰከንድ በላይ በራሱ የሚጫወት ድምፅ ካለ ማቆሚያ ይኑረው፣ አለዚያም ከኮምፒውተሩ ጠቅላላ ድምፅ ተለይቶ የሚቀነስበት መንገድ ይኑረው ይላል። ይህ የመመሪያው ዝቅተኛው ደረጃ፣ ማለትም የመግቢያ ፈተናው ነው። እንዲያውም የገጹን ሌላ ክፍል ሁሉ ከጥቅም ውጭ ያደርጋሉ ተብለው ለብቻቸው ከተነጠሉት አራት ጉዳዮች አንዱ እሱ ነው፤ ቪዲዮው ጌጥ ብቻ ቢሆንም ገጹን በሙሉ ይጥለዋል። ባለገጾቹም ደንቡን አክብረዋል። ማቆሚያ ይኑር ተባለ፤ ማቆሚያ አለ። የት ነው ብሎ መጠየቅ ውለታ ቢስነት ነው። ማቆሚያው ገጹ መጀመሪያ አካባቢ ይቀመጥ፣ ከሁሉም የሚሻለው ግን ድምፁ ተጠቃሚው ሲጠይቅ ብቻ ቢጫወት ነው የሚለውን ከመመሪያው ጋር የወጣ ምክር ግን እንደ ቀልድ አንብበው ያለፉት ይመስላል።

ልማዱ ሥር የሰደደ ነው። በ1990ዎቹ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ቢጂሳውንድ የተባለ የጀርባ ሙዚቃ ማስገቢያ ነበረው፤ የሰርግ አልበምም ሆነ የጫማ ሱቅ ገጽ ሲከፈት ቱልቱላውን ይነፋ ነበር፤ ገጹ ላይም ማጥፊያ ቁልፍ አልነበረውም። ኋላ ላይ ብሮውዘር ሠሪዎቹ ራሳቸው ተማረሩ። ሳፋሪ 11 በሴፕቴምበር 2017፣ ክሮም 66 በኤፕሪል 2018፣ ፋየርፎክስ 66 በማርች 2019 ድምፅ ያለው ቪዲዮ በገዛ ፈቃዱ እንዳይነሳ ከለከሉ። በሩ ተዘጋ። የመስኮቱ ነገር ግን እንዲህ ነው፦ ተጠቃሚው ገጹ ላይ አንድ ነገር ከነካ እንደ ፈቀደ ሊቆጠር ይችላል። ሰውየው ከፊቱ የተደቀነውን የኩኪ ማሳሰቢያ ለማባረር «እሺ» የሚለውን ይጫናል። ብሮውዘሩ «ነክቶኛል» ይላል፤ ቪዲዮው «እንግዲያው ፈቅዶልኛል» ብሎ ይጀምራል። ሽማግሌ ልኮ እሺታ ለማግኘት ዓመት የሚለፋ ሙሽራ ይህን ቢያውቅ ይቀናል።

ክሮም ደግሞ በኮምፒውተር ላይ ከዚህም የረቀቀ ዘዴ አለው። ሰውየው የየትኛውን ገጽ ቪዲዮ እንደሚወድ እየታዘበ ነጥብ ይይዛል። በተከፈተው ታብ ላይ ያለ፣ ድምፁ ያልጠፋ፣ መጠኑም በጣም ያላነሰ ቪዲዮ ከ7 ሰከንድ በላይ ከተጫወተ እንደ ቁም ነገር ይመዘገባል፤ ነጥቡ ሲሞላ ያ ገጽ ሳይጠየቅ የመጮህ መብት ያገኛል። አራቱን ስም የለሽ ቁልፎች አዳምጦ ማቆሚያውን ለመለየት 7 ሰከንድ በቂ ይሆናል ብሎ የሚያምን ሰው ካለ ዓይኑን ጨፍኖ ይሞክረው። ፍለጋው በረዘመ ቁጥር ፍቅር ተብሎ ይጻፋል። ማቆሚያ ያጣ ሰው አፍቃሪ ሆኖ የሚመዘገብበት መዝገብ ሌላ የት ይገኛል?

ድምፅ አልባው ቪዲዮስ? እሱማ በየትም ቢነሳ አይከለከልም ማለት ይቻላል፤ ጨዋ ነው፣ አይጮህም። ነገር ግን የቪዲዮው ሰዓት ቆጣሪ በተለወጠ ቁጥር ስክሪን ሪደሩ እንዲናገረው ተደርጎ የተሠራ ገጽ ያጋጥማል፤ ያኔ ቪዲዮው ዝም ብሎ ጩኸቱን ስክሪን ሪደሩ ራሱ ይረከበዋል፦ «ዜሮ ደቂቃ ከአራት ሰከንድ፣ ዜሮ ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ…»። በየጥቂት ሰከንዱ የሚገላበጠው የፎቶ ሰልፍም የዚሁ ዘር ነው። ሰውየው አንድ አንቀጽ ሊያነብ በጀመረ ቁጥር «ስላይድ ሁለት ከአምስት» እያለ ያቋርጠዋል። በራሱ ጀምሮ ከ5 ሰከንድ በላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ማቆሚያ ይኑረው የሚል ሌላ ቁጥር መመሪያው ውስጥ አለ፤ እሱም ከ1.4.2 ጎን በክብር ተቀምጧል። ዳታው ደግሞ ድምፅ ኖረም አልኖረም ይቆረጣል። በሜጋባይት ተቆጥሮ የተገዛ ጥቅል የማያየውን ቪዲዮ ሲያወርድ አልቆ፣ የሥራ ማስታወቂያው ግማሽ ላይ ይቆማል።

ጥፋቱ የባለገጹ፣ ትምህርቱ የተጠቃሚው ነው። ዓይነ ስውሩ ለራሱ ማወቅ ያለበት ብዙ አለ፦ ፋየርፎክስ ላይ ኮንትሮልና «ኤም» አብረው ሲጫኑ የዚያን ታብ ድምፅ ብቻ እንደሚያጠፉ፣ እዚያው ቅንብር ውስጥ ድምፁንም ምስሉንም በአንድ ላይ ማገጃ እንዳለ፣ ሳፋሪም «ፈጽሞ በራሱ አይጫወት» የሚል ምርጫ እንዳለው፣ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር የተባለው ስክሪን ሪደር ሲበራ በሁለት ጣት ሁለቴ መታ ማድረግ የሚጫወተውን እንደሚያቆም። እነዚህ በእውነት ይሠራሉ፤ ለሚያውቃቸው። ኤንቪዲኤ የራሱ ድምፅ ሲናገር ሌላውን ዝቅ የሚያደርግ ዘዴ ጨምሯል። በ2024 ደግሞ ስክሪን ሪደሩን ወደ ግራ ጆሮ፣ የቀረውን ሁሉ ወደ ቀኝ ጆሮ የሚከፍል ቅንብር አመጣ። ለስብሰባና ለሙዚቃ ግሩም ነገር ነው። ለገጾቹ ግን የድል ዜና መሆን ነበረበት፤ ሰው አንድ ጆሮውን ለማስታወቂያ የሚለቅበት መሣሪያ በተጎጂው ወገን በነፃ ተሠርቶ ቀረበላቸው።

ለባለገጾችም መድኃኒት የሚሸጥ አልጠፋም። አንዲት መስመር ኮድ ለጥፉ፣ ገጻችሁ ለአካል ጉዳተኛ ሁሉ ምቹ ይሆናል የሚሉ ኩባንያዎች ተነስተዋል። ከእነሱ አንዱ አክሰሲቢ ነው፤ መሣሪያው የማንኛውንም ገጽ ተደራሽነት ያሟላል ማለቱ አሳሳች ነው በሚል በቀረበበት ክስ 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ከአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በ2025 ስምምነት ላይ ተደርሷል። ቁልፍን «አቁም» ብሎ መሰየም ስንት ያስወጣ እንደነበር ያሰላ የለም።

በአማርኛው ሰፈር ነገሩ ሌላ ቅመም አለው። በውጭ አገር ከሚዘጋጁ የአማርኛ ሬዲዮኖች ድረ ገጾች መካከል ገና ሲከፈቱ ቀጥታ ሥርጭቱን ለመልቀቅ የሚሽቀዳደሙ አሉ። ለናፈቀው ዓይናማ ደስ ይላል። ኤንቪዲኤ ውስጥ ያለው ኢስፒክ የተባለ የንግግር ፕሮግራም ደግሞ አማርኛ ያነባል፤ ብረት ብረት በሚል ድምፅ፣ ማጥበቅና ማላላቱን እየዘለለ፣ ጆሮ ሰጥቶ ለሚያዳምጠው ብቻ የሚገባ አማርኛ። በዚያ ላይ ጋዜጠኛው በሙሉ ድምፁ «ውድ አድማጮቻችን» ሲል በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆናል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 በአዋጅ ተቀብላለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 9 ኢንተርኔትን ጭምር በስም ይጠራል። ሬዲዮኑ ስለዚህ አንቀጽ ፕሮግራም ሳይሠራ አይቀርም፤ ገጹ ሲከፈትም ፕሮግራሙ በራሱ ይጀምራል።

የሚደንቀው ማስተካከያው ነው። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በቪዲዮው ኮድ ውስጥ የገባ አውቶፕሌይ የተባለ አንድ ቃል ነው፤ በላቲኑ ስምንት ፊደል። የኤችቲኤምኤል ሥርዓቱም ራሱ ለቀልድ የተመቸ ነው፦ አንድ ቅን ባለሙያ ቃሉን ትቶ ከጎኑ እኩል ይሆናል ምልክት አድርጎ «ሐሰት» ብሎ ቢጽፍ ቪዲዮው ያው ይነሳል፤ ቃሉ መኖሩ ብቻ ይበቃዋል፣ እምቢታ አይሰማም። መሰረዝ ነው ያለው። ይህ ሲነገራቸው ግን ባለገጾቹ ከልባቸው ይደነግጣሉ። «በራሱ ካልተነሳማ ማን ይጫነዋል?» ይላሉ። መልሱ አያስቸግርም፤ ቃሉን ለአንድ ሳምንት ሰርዞ የተጫኑትን ሰዎች መቁጠር ነው። ቁጥሩን ለማስታወቂያ ሰጪው የማሳየት ግዴታ የለባቸውም።