አፍ አስከፍቶ ቁጣ

ጥርሱን ያመመው ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የሚፈልገው ብዙ አይደለም። ሕመሙ እንዲቆምለት ይፈልጋል፤ ምን እንደሆነ እንዲነገረው ይፈልጋል፤ ስንት እንደሚከፍል አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል። እኛ ግን ከሁሉ በፊት የምናገኘው ቁጣ ነው። ልጅ ያሳደግን፣ ቤት የምናስተዳድር፣ መሥሪያ ቤት ሰው የምናዝ፣ ሽማግሌ ተብለን የሰው ትዳር የምናስታርቅ ሰዎች እዚያ ወንበር ላይ ጋደም ባልን በደቂቃ ውስጥ የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ እንሆናለን።

ጊዜ አመራረጡ ደግሞ የባሰ ነው። እንግዳ መቀበያው ጋ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ ማንም ምንም አይጠይቀንም። ወንበሩ እስኪዘረጋ፣ መብራቱ ዓይናችን ላይ እስኪበራ፣ ምራቅ መምጠጫው ከከንፈራችን ጥግ እስኪንጠለጠል፣ መስተዋቱና ያቺ ሹል ብረት አፋችን እስኪገቡ ይጠበቃል። ጥያቄው የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው። «በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚቦርሹት?» ምላሳችን በብረት ተይዟል። «ማታስ?» ግማሽ አፋችን በማደንዘዣ ደንዝዟል። «ክር ይጠቀማሉ?» ጉሮሯችን ውኃ ሞልቷል። ዝም ስንል ዝምታችን ጥፋት ማመን ይሆንና «አይጠቀሙም ማለት ነው» ይባላል፤ ካርዱ ላይም ይጻፋል።

ደግሞ እኮ የሚነግሩንን ሁሉ እናውቀዋለን። ስኳር ጥርስ እንደሚጎዳ እናውቃለን። ማታ ሳይቦርሹ መተኛት ደግ እንዳልሆነ እናውቃለን። ጫት በስኳር፣ ሻይ በሦስት ማንኪያ፣ ለስላሳ በየምሳው ጥርስን ምን እንደሚያደርጉት እናውቃለን። በስቴኪኒ ድድ መጎርጎር፣ በጥርስ ጠርሙስ መክፈት እንደማይገባ እናውቃለን። የቆየ ጥርስ እንደሚብስም እናውቃለን፤ ሌሊቱን ቅርንፉድ ነክሰን፣ ጉንጫችንን በነጠላ አስረን፣ ግድግዳ ለግድግዳ ስንል ያነጋነው እኛ ነን። ይህን የሚያስረዳን አያስፈልገንም።

ይህን ሁሉ እያወቅን ያ የፕላስቲክ መንጋጋ ይወጣል። ድዱ ሮዝ፣ ጥርሶቹ የሰው ጥርስ ሁለት ሦስት እጥፍ፣ ከነትልቁ ብሩሹ። «እንዲህ ነው የሚቦረሸው፤ ከድዱ ወደ ጥርሱ፣ ክብ ክብ እያደረጉ፤ አዩ?» አየን። ቀጥሎ የእጅ መስተዋት ይሰጠናል። «ይኼ ቢጫው ይታይዎታል? ይኼ ሲደማስ?» ይታየናል። በዚያ ብርሃን፣ ከንፈር በሁለት ጣት ተገልብጦ፣ የማን አፍ ያምራል?

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ቁጣው ለሌላ ሰው የሚሰማ መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ክሊኒኮች ፎቅ ላይ ሁለት ሦስት ክፍል ተከራይተው፣ መሐሉን በኮምፔርሳቶ ከፍለው የሚሠሩ ናቸው። አንድ ቀን ተራዬን ስጠብቅ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከወዲያ በኩል ሲጠየቁ ሰማሁ። «እማማ፣ ለምንድን ነው እስከዚህ ድረስ የቆዩት?» እሳቸው አፋቸው እንደተከፈተ የሆነ ነገር ለማለት ሞከሩ። «ጥርስ እኮ ካልተንከባከቡት እንዲህ ነው የሚሆነው! ልጆችዎስ አይነግሩዎትም?» መጠበቂያው ላይ የነበርነው ሁሉ አቀረቀርን። ሲወጡ ጥጥ ነክሰው፣ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው፣ ማንንም ሳያዩ ወደ ደረጃው አቀኑ፤ ልጃቸው ቦርሳቸውን ይዛ ከኋላ ከኋላ ትከተላለች። ለምን እንደቆዩ ግን ማንም አልሰማም። ምናልባት ገንዘቡ አልሞላ ብሎ ነው፤ ምናልባት ቤት ውስጥ የሚያስታምሙት ሰው ነበር፤ ምናልባት ባለፈው ጊዜ የሰሙት ቁጣ አስፈርቷቸው ነው። ጥያቄው ተጠየቀ እንጂ መልሱን የጠበቀ አልነበረም።

ጥፋቱ የሌላ ሆኖ ተወቃሹ እኛ የምንሆንበት ጊዜም ብዙ ነው። ወንጂ፣ መተሐራ፣ በመቂና በዝዋይ ዙሪያ ያደጉ ሰዎችን ጠይቁ። የስምጥ ሸለቆው የከርሰ ምድር ውኃ እሳተ ገሞራ በወለደው ዓለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ እያሟሟ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በዚያ ምድር ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ይህን በብዙ እጥፍ ያልፉታል። ቋሚ ጥርስ የሚሠራው ሕፃኑ 8 ዓመት ገደማ እስኪሆነው ድረስ ድድ ውስጥ ሆኖ ነው። በእነዚያ ዓመታት ያን ውኃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ገና ሲበቅል ተዥጎርጉሮ፣ ሲብስም ቡናማ ሆኖ ይወጣል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ከየአገሩ እንጀራ ፍለጋ የመጣው ሠራተኛ ልጆቹን በዚያ የጉድጓድ ውኃ አሳደገ፤ ከራሱ ከሠራተኛው መሐል ፍሎራይዱ አጥንቱ ድረስ ዘልቆ ጀርባውን ያጎበጠው አለ። እነዚህ ሰዎች አዲስ አበባ መጥተው ወንበሩ ላይ ሲጋደሙ ምን ይባላሉ? «ሲጋራ ያጨሳሉ እንዴ? ጥርስዎን አይቦርሹም?» ቢቦርሹ አይለቅም፣ ቢፈትጉ አይለቅም፤ ቀለሙ ከላይ የተቀባ አይደለም፣ ጥርሱ ሲሠራ አብሮ የተሠራ ነው። ፍሎሮሲስን የጥርስ ሐኪም ሁሉ ተምሮታል። «የት ነው ያደጉት?» የምትለው አጭር ጥያቄ ግን ከቁጣው ኋላ ትቀራለች፣ ወይም ከነአካቴው አትመጣም።

የግፊት መድኃኒት የሚወስዱትስ? አምሎዲፒን በአገራችን ለደም ግፊት በሰፊው ይታዘዛል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ድድን ያሳብጣል፣ ጥርስ ላይ ያስወጣዋል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይንም እንዲሁ ያደርጋል። የስኳር ሕመም ድድን ይጎዳል፤ የታመመ ድድም በበኩሉ ስኳሩን መቆጣጠር ያከብዳል። እርጉዝ ሴት በሆርሞን ለውጥ ምክንያት ድዷ በቀላሉ ይደማል። ለአለርጂና ለድብርት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ አፍ ያደርቃሉ፤ ምራቅ ሲጎድል ጥርስ ቶሎ ይበላል። ባለ ግፊቱ አባት ግን «አይቦርሹም» ይባላል። ባለ ስኳሯ እናት «አይቦርሹም» ትባላለች። እርጉዟም «አትቦርሺም» ትባላለች። ለሁሉም አንድ ብሩሽ፣ ለሁሉም አንድ ወቀሳ።

ምክሩስ እርስ በርሱ መቼ ተስማማ? አንዱ ቁርስ ሳትበሉ ቦርሹ ይለናል፤ ሌላው ከቁርስ በኋላ ይለናል። አንዱ በደንብ ተጉመጥመጡ ይለናል፤ ሌላዋ ፍሎራይዱ ታጥቦ እንዳይሄድ ትፍ ብላችሁ ተዉት፣ ውኃ አታስከትሉ ትለናለች። አንዱ ጠንከር አድርጋችሁ እሹት ይላል፤ ሌላው ድዳችሁ የሸሸው ጠንክራችሁ ስለምትፈትጉ ነው ይላል። መፋቂያ የያዘን ሰው ደግሞ ገና ከኪሱ ብቅ ስትል አይተው ፊታቸውን ያጠቁሩበታል። የወይራ መፋቂያ ጥርስ ያጸዳል፤ የሚጎድለው ፍሎራይዱ ነው። ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ነግሮን፣ ማታ ማታ በኮልጌት ጨምሩበት ቢለን ማን እምቢ ይላል? ግን አይለንም፤ «እስካሁን በእንጨት ነው?» ነው የሚለን።

ስለ ክሩ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እያንዳንዱን ጥርስ በክር አቅፋችሁ፣ ወደ ላይ ወደ ታች አድርጋችሁ፣ በየማታው እንባላለን። ሱፐርማርኬት ገብተን እንፈልጋለን፤ ስናገኘው ዋጋው የሚያስደነግጥ ነው፤ ገዝተን ቤት ስንገባ የኋላው መንጋጋ ጋ ጣታችን አይደርስም። የአሜሪካ መንግሥት በየ5 ዓመቱ በሚያወጣው የአመጋገብ መመሪያ ውስጥ ክርን ሲመክር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2015ቱ እትም ሳይጠቅሰው አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች ማስረጃው የት አለ ብለው ሲጠይቁ፣ ጥቅሙ በሚገባው ልክ እንዳልተጠና መንግሥቱ ራሱ አመነ። ክር አይረባም አልልም፤ በጥርስ መሐል የተቀረቀረ ሥጋ ማውጣቱ ብቻ ይበቃዋል። ግን እንዲህ ያለ ስስ ማስረጃ ይዞ ትልቅ ሰውን ማሳፈር ከየት የመጣ ሥልጣን ነው?

«በየ6 ወሩ ይምጡ» የሚለውም እንደዚያው ነው። ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያለው መመሪያ ቀጠሮ እንደ ሰውየው ሁኔታ ከ3 ወር እስከ 24 ወር ይለያይ የሚል ነው። እዚያው ለ4 ዓመት ሰዎችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ የአፋቸው ሁኔታ ብዙም የማያሰጋ ሰዎች በየ6 ወሩ ቢታዩም በየ2 ዓመቱ ቢታዩም በድዳቸው ጤና ላይ ልዩነት አላገኘም። እኛ ግን ሰባተኛው ወር ላይ ከደረስን ገና ከበሩ «ጠፉ!» ይጠብቀናል።

ውጭ ያሉትም አልተረፉም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን እንደሚነግሩን፣ ጥርስ የምታጥበው ባለሙያ ድዳቸውን በቀጭን መለኪያ እየነካች ቁጥር ትጠራለች፤ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አምስት። ቁጥሩ በጥርስና በድድ መሐል ያለው ክፍተት ነው፣ በሚሊሜትር። ከሦስት ሲያልፍ ድምፅዋ ይቀየራል፤ ከዚያ ያ የምናውቀው ንግግር በእንግሊዝኛ ይቀጥላል። ከሁሉ የከበደኝ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሄዱ የአንዲት ጎንደሬ እናት ነገር ነው። በልጅነታቸው ድዳቸውን ተነቅሰዋል፤ ጥርሳቸው ነጭ ሆኖ እንዲወጣ፣ ለጌጥ። ባለሙያዋ ጥቁረቱን ስታይ ደነገጠች፤ ሲጋራ ያጨሱ እንደሆነ ጠየቀች። ያን ጥያቄ ወደ አማርኛ መልሳ ለእናቷ መንገር የነበረባት ልጃቸው ናት። ሲጋራ በአጠገባቸው አልፎ የማያውቅ፣ ጾማቸውን የማይገድፉ ሴት!

ይህን ሁሉ የምለው ለማማረር ብቻ አይደለም። ቁጣው ዋጋ ያስከፍላል። ጥርስ ሲበላ መጀመሪያ በሙሌት ይድናል። ከዘገየ ነርቩ ይነካና የሥር ሕክምና ይመጣል፤ ዋጋው ይንራል። ጨርሶ ከዘገየ ይነቀላል። ከአንዱ ወደ ሌላው የምንንሸራተተው ገንዘብ ሲያጥረን ነው፣ ሥራ ሲይዘን ነው፤ ግን ደግሞ ፊት ስለምንፈራም ነው። ጎረቤቶቼን ስጠይቅ «መርፌውን እችለዋለሁ፣ ንግግሩን ነው የማልችለው» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ሕመሙ ትንሽ ሻል ሲል «ተወኝ» ብለው ይተዋሉ፤ ሲያገረሽ ደግሞ የበለጠ የሚያስቆጣ ጥርስ ይዘው ይሄዳሉ። ቁጣው ያስቀረውን ሰው፣ ለምን ቀረህ ብሎ ይቆጣዋል።

ሐኪሞቹ ክፉ ሰዎች ናቸው አልልም። ቀኑን ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው የሰው ሕመም ውስጥ ይውላሉ፤ ሊድን ይችል የነበረ ጥርስ መንቀል እነሱንም ያንገበግባቸዋል። ብዙው ቁጣ ከዚያ ንዴት እንደሚመጣ ይገባኛል። ግን ንዴቱ የሚያርፈው ደፍሮ በመጣው ሰው ላይ ነው፤ ያልመጣው ቤቱ ተኝቷል፣ አይሰማውም።

ልክ አድርጋ የሠራችውን ደግሞ ልናገር። አንዲት ወጣት የጥርስ ሐኪም ናት። ወንበሩን ሳትዘረጋ በፊት ቁጭ አድርጋ ምን እንደሚያመኝ፣ ምን መድኃኒት እንደምወስድ፣ የት እንዳደግሁ ጠየቀችኝ፤ ዋጋውን ወረቀት ላይ ጽፋ አሳየችኝ። ድዴ ሲደማ «ይኼኛው በኩል ብቻ ነው የሚደማው፤ እዚህ ጋ ብሩሹ አይደርስልዎትም መሰለኝ» አለች። ክሩ እንዳስቸገረኝ ስነግራት «ይተዉት» ብላ በጥርስ መሐል የምትገባ ትንሽ ብሩሽ ሰጠችኝና በራሴ እጅ አንድ ጊዜ አሞከረችኝ። ሌላ ንግግር አልነበረም። ባለቤቴን ላክሁ፤ እሷ እህቷን ላከች፤ ጥርስ ሐኪም ቤት አልረግጥም ሲሉ የኖሩት አጎቴ ሳይቀሩ ባለፈው ሳምንት በገዛ እጃቸው ስልክ ደውለው ቀጠሮ ያዙ።